ሁለት የጋላክሲ ክላስተሮች በእርግጥ እየተጋጩ መሆናቸው በምን ይታወቃል?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን ስለ ጋላክሲ ክላስተሮች ግጭት ትምህርት በማዘጋጅበት ጊዜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ የሚፈልግ ሆኖ ስላገኘሁት ለእናንተ አቀርበዋለሁ።

የጋላክሲ ክላስተር በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው የሚገኙበት ስብስብ ነው። መጠነ ቁሱ የፀሐይን ከመቶ ትሪሊዮን እስከ ሺህ ትሪሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከዋክብት የሚይዙት ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋላክሲዎቹ መካከል የተዘረጋ እጅግ የጋለ ጋዝ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ክፍል በስበቱ ብቻ የምናውቀው ጨለማ ቁስ ነው። ሁለት ክላስተሮች ሲዋሐዱ የሚለቀቀው ኃይል ከ1 ቀጥሎ 57 ዜሮዎች የሚጻፉበት ጁል ሊደርስ ይችላል።

የተማሪዋ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው። ውሕደቱ ቢሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ከሆነ፣ እኛ የምናየው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። ሌሊት ከኮምቦልቻ ሆኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚመለከት ሰው ጎን ለጎን የሚያያቸው ሁለት የመኪና መብራቶች በእርግጥ ተቀራርበው ይሁን ወይም በብዙ ኩርባ ተለያይተው በዐይኑ ብቻ አይለይም። ታዲያ በሰማይ ላይ ተደራርበው የሚታዩ ሁለት ክላስተሮች እየተጋጩ ነው ወይስ አንዱ ከሌላው ኋላ ርቆ ነው የሚለውን የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በምን ይለያሉ?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ስለ አንድ ክላስተር መጻፍ ሲጀምሩ አስቀድመው የሚጋፈጡት ጥያቄ ነው። እኔ በፊዚክስ የማስተርስ ትምህርቴን በዚሁ ዙሪያ ስለ ሠራሁ ከኦፕቲካሉ፣ ማለትም ከሚታየው ብርሃን በኩል ልጀምር።

በሚታየው ብርሃን የምናገኘው ትልቁ መረጃ የጋላክሲዎቹ ፎቶግራፍ ሳይሆን ስፔክትረማቸው፣ ማለትም ብርሃናቸው በየቀለሙ ተበትኖ የሚመዘገብበት ነው። በክላስተሮች እምብርት የሚገኙት ያረጁ ትልልቅ ጋላክሲዎች ብርሃናቸው በ393.4 እና በ396.8 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ካልሲየም የሚያጠላባቸው ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። ጠፈር ስለሚለጠጥ እነዚህ መስመሮች ወደ ቀይ ይሸጋሸጋሉ። ለምሳሌ ቡሌት ክላስተር በመባል የሚታወቀው 1ኢ 0657-56 የተባለው ክላስተር ቀይ ሽግሽጉ 0.296 ስለ ሆነ፣ 393.4 የነበረው መስመር 510 ናኖ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከወይን ጠጁ ጠርዝ ተነሥቶ በአረንጓዴው ውስጥ ይገኛል። ዘመናዊ ስፔክትሮግራፎች ለእያንዳንዱ ጋላክሲ ቀጭን ስንጥቅ የተበጀለት የብረት ሰሌዳ ወይም የብርሃን ክር እየተጠቀሙ የብዙ ጋላክሲዎችን ስፔክትረም በአንድ ጊዜ ይመዘግባሉ።

ከዚህ ሽግሽግ የጋላክሲዎቹ ፍጥነት ከታወቀ በኋላ በስንት ፍጥነት ስንት ጋላክሲ እንዳለ በግራፍ ይሠራል። በአንድ በተረጋጋ ትልቅ ክላስተር ውስጥ ፍጥነቶቹ በአማካዩ ዙሪያ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተበትነው የደወል ቅርጽ ይሠራሉ። ሁለት ደወሎች ከታዩ ወይም ደወሉ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ክላስተሩ ከአንድ በላይ ክፍል እንዳለው ይጠረጠራል።

ይሁን እንጂ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የ2,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ልዩነት አገኘን እንበል። ይህ ልዩነት ሁለቱ በስበት ተሳስበው ወደ አንዱ ሲወረወሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የሕዋው መስፋፋት ለእያንዳንዱ ሜጋ ፓርሴክ 70 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ ስለሚጨምር፣ ይኸው ልዩነት ሁለቱ ክላስተሮች በ29 ሜጋ ፓርሴክ፣ ማለትም ከ90 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ተራርቀው ምንም ሳይነካኩ መቀመጣቸውንም ሊያመለክት ይችላል። ስፔክትረሙ የሚሰጠን ቁጥር አንድ ሲሆን ትርጓሜው ግን ሁለት ነው። ኦፕቲካሉን ብቻ ይዞ ከዚህ መውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ከጋዙ የሚወጣውን ኤክስሬይ መጨመር ያስፈልጋል።

ሐረጎ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ለሰጡን ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ኤክስሬይ ይህንን ችግር የሚፈታው እንዴት ነው? ጋዙስ ኤክስሬይ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ጋዙ ወደ ክላስተሩ የስበት ጉድጓድ ሲወድቅ ከ10 እስከ 100 ሚሊዮን ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጣሉ። ነጻ የወጡት ኤሌክትሮኖች በፕሮቶኖችና በሌሎች ኒውክሊየሶች አጠገብ ሲያልፉ መንገዳቸው ስለሚታጠፍ ኃይላቸውን በኤክስሬይ መልክ ይለቃሉ። ለዚህ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ኒውክሊየስ መገናኘት ስላለባቸው፣ የሚወጣው ኤክስሬይ ከጋዙ እፍጋት ካሬ ጋር ይመጣጠናል። እፍጋቱ 3 እጥፍ ሲሆን ድምቀቱ 9 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የኤክስሬይ ምስል የታመቀውን ቦታ ይህን ያህል አጉልቶ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማጉላት ባይኖር ኖሮ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ያሉትን ይህን ስስ ጋዝ ማጥናት ባልተቻለ ነበር።

መመዝገቢያው መሣሪያም ልዩ ነው። ቻንድራ በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ ያለው ካሜራ ኤክስሬዮቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ የእያንዳንዱን ፎቶን ቦታ፣ ሰዓትና ኃይል ይጽፋል። ስለዚህ ተመራማሪው በእጁ የሚገባው ዝርዝር እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። ከዚያ ዝርዝር ምስልም፣ ስፔክትረምም፣ የሙቀት ካርታም ያወጣል፤ ሁለት ክላስተሮች ከተጋጩ የጋዛቸው መታመቅና መሞቅ በእነዚህ ላይ ይታያል። ፎቶኖቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቡሌት ክላስተር ዝነኛ ምስል የተሠራው 500 ሺህ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ወደ 140 ሰዓት በሚጠጋ ምልከታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ አካባቢ ሰዎች ሊታወቅ ይገባል ብዬ ስለማምን ነው። ክላስተሮች በመላ አካላቸው ኤክስሬይ እንደሚያወጡ ያረጋገጠችው ሳተላይት ኡሁሩ ትባላለች፤ የተወነጨፈችውም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት ቀን፣ በማሊንዲ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ከሚገኘው የሳን ማርኮ መድረክ ነው። የሥራው መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ይህ የጥናት ዘርፍ ሲጀመር ከምሥራቅ አፍሪካ ምድር የተነሣ ሮኬት ድርሻ እንደ ነበረው ተማሪዎቻችን ቢያውቁት እወድዳለሁ።

ከአይጠየፍ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። የተባለውን በጥሞና አንብቤአለሁ። ከተባለው እንደምረዳው ግን ኤክስሬይ ብቻውን የሚበቃ ይመስለኛል። ሁለት የጋዝ ክምችቶች ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲጋጩ ሾክ ሞገድ፣ ማለትም ጋዙን በድንገት የሚያምቅና የሚያሞቅ ሞገድ፣ መፈጠሩ የማይቀር ነው፤ ሾኩ ከታየ ደግሞ ግጭቱ ተረጋገጠ። ታዲያ የእያንዳንዱን ጋላክሲ ፍጥነት ለመለካት ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አባቴ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በኤክስሬይ ምስል ላይ የሚታይ ስለታም ጠርዝ ሁሉ ሾክ አይደለም። በ2000 በቻንድራ የተጠናው አቤል 2142 የተባለው ክላስተር ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ጠርዞቹ ሲለኩ የታመቀው ወገን ከስሱ ወገን ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ፤ በሾክ ግን የታመቀው ወገን መሞቅ ነበረበት። እንዲህ ያለው ጠርዝ ቀዝቃዛ ግንባር ይባላል። በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ተቀራራቢ ሲሆን፣ ትልቅ ግጭት ሳይኖር አንድ ትንሽ ቡድን በአጠገቡ አልፎ ጋዙን ስለ ናጠው ብቻ ሊፈጠር ይችላል። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለ ሆኑ የሾኩን ስሌት ላስቀምጥ። የሾኩ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት 3 እጥፍ ከሆነ፣ የእፍጋቱ ዝላይ 4 ሲባዛ በ9፣ ለ9 ሲደመር 3 ሲካፈል፣ ማለትም 36 ለ12፣ 3 ይሆናል። የሙቀቱ ዝላይ 3.7 ገደማ፣ የግፊቱ ደግሞ 11 ይሆናል። በቡሌት ክላስተር ፊት ለፊት ያለው ቀስት መሰል ጠርዝ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ የሾኩ ፍጥነት በሰከንድ 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ተሰልቷል። ይህ የሾኩ እንጂ የክላስተሩ የራሱ ፍጥነት አይደለም። ከፊት ያለው ጋዝ ራሱ ወደ ግጭቱ ስለሚወድቅ፣ በኮምፒውተር የተሠሩት ማስመሰያዎች ለትንሹ ክላስተር የሚሰጡት ፍጥነት ወደ 2,700 ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ያለ ነው። ግጭቱ በእኛ የዕይታ መስመር ላይ ከሆነ ኤክስሬዩ ሊያታልለን ይችላል። ክላስተር 0024+17 የተባለው፣ ቀይ ሽግሽጉ 0.395 የሆነ ክላስተር፣ በኤክስሬይም በኦፕቲካል ፎቶግራፍም ክብና የተረጋጋ መስሎ ይታይ ነበር። የጋላክሲዎቹ ፍጥነት በብዛት ሲለካ ግን በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚለያዩ ሁለት ክፍሎች ተደራርበው ተገኙ። የተጋጩት ከፊትና ከኋላ ሆነው፣ በእኛ አቅጣጫ ነው። ስፔክትረም ባይኖር ይህ ክላስተር ጸጥተኛ ተብሎ በቀረ ነበር።

በቡሌት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤክስሬዩ ኃይለኛ ግጭት ያሳያል፤ የሁለቱ ክፍሎች የጋላክሲ ፍጥነት ልዩነት ግን 600 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ መረጃዎች የሚታረቁት ግጭቱ በሰማይ ወለል ላይ፣ ለዕይታ መስመራችን ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚጠጋ አቅጣጫ ከተካሄደ ነው። ቡሌት ይህን ያህል ጥርት ብሎ የታየውም ጎኑን ስለ ሰጠን ነው።

ስለዚህ የመምህር ተማሪ ላነሣችው ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው። አንዱ መረጃ ሌላውን ስላረጋገጠ ብቻ አይደለም የምናውቀው፤ ሁለቱ የሚለያዩበት መጠን ራሱ የግጭቱን አቅጣጫና ደረጃ ይነግረናል።

ከአይጠየፍ (ደሴ)

ልጄ፣ ስሌቱን በወረቀት ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ነው። የሾኩ ጥንካሬ ምንም ያህል ቢጨምር የእፍጋቱ ዝላይ ከ4 እንደማያልፍም ከዚያው ቀመር አገኘሁ፤ ሙቀቱ ግን ወሰን የለውም። በተለይ ይህ ለተማሪዎች ቢሰጥ ጥሩ መልመጃ ይሆናል።

ገራዶ (ደሴ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞችና እህቶች። እስካሁን ስለ ጋላክሲዎቹና ስለ ጋዙ በሚገባ ተነግሯል፤ አብላጫው ክፍል የሆነው ጨለማ ቁስ ግን ተዘልሏል። የኦፕቲካል ምልከታ ትልቁ አስተዋጽኦ በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

የክላስተሩ መጠነ ቁስ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን እንደ ሌንስ ያጎብጣል። በዚህም የተነሣ ከኋላ ያሉት የእጅግ ብዙ ሩቅ ጋላክሲዎች ቅርጽ በጥቂቱ ይዛባል። የአንዷን ጋላክሲ መዛባት መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱም የተፈጥሮ ቅርጿን አናውቀውም። የሺዎቹ አማካይ ሲወሰድ ግን መጠነ ቁሱ የት እንደ ተከማቸ በካርታ ይወጣል። ይህ መንገድ ቁሱ ያብራ ወይም አያብራ፣ ይረጋጋ ወይም ይታወክ ግድ የለውም። መጠነ ቁስን በኤክስሬይ የመለካት ዘዴ ግን ጋዙ በስበትና በግፊት መካከል ተረጋግቶ መቀመጡን ታሳቢ ያደርጋል፤ በግጭት ላይ ባለ ክላስተር ደግሞ ይህ ታሳቢ ይፈርሳል።

በ2006 የቡሌት ክላስተር የሌንስ ካርታ ከቻንድራ ምስል ጋር ሲነጻጸር ጋዙ በመካከል ቀርቶ፣ መጠነ ቁሱ ግን ከጋላክሲዎቹ ጋር ወደ ፊት አልፎ ተገኘ። ጋዙ ከከዋክብቱ ብዙ እጥፍ ስለሚመዝን፣ ጨለማ ቁስ ባይኖር ኖሮ ካርታው ጋዙን በተከተለ ነበር። ጋላክሲዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰፊ ስለ ሆነ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ጋዝ ከጋዝ ጋር ግን ይገታተራል። ጨለማ ቁሱ ከጋላክሲዎቹ እኩል ማለፉ እርስ በርሱ ብዙም እንደማይጋጭ ያሳያል። በ2015 የወጣ ጥናት 72 ግጭቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ለዚህ የእርስ በርስ ግጭት፣ ማለትም አንድ ግራም ጨለማ ቁስ ለግጭት ለሚያቀርበው ስፋት፣ ከ0.47 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ወሰን አስቀምጧል። ስለ ጨለማ ቁስ ባሕርይ ከምድር ቤተ ሙከራ ውጭ ከተገኙት ዕውቀቶች መካከል ይህን የሚያህል ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት የለም።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። የጋዙን ፍጥነት በቀጥታ፣ ልክ እንደ ጋላክሲዎቹ በስፔክትረም መለካት አይቻልም ወይ? ደግሞስ ከዚህ ከደሴ ሆነን ተማሪዎቹ በእጃቸው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ይኖራል?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ የመጀመሪያው አሁን ተችሏል። በጋዙ ውስጥ ያለው ብረት በ6.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ ነው) ላይ ደማቅ መስመር አለው። ጋዙ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ቢንቀሳቀስ መስመሩ በ6.7 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ይሸጋሸጋል፤ የቻንድራ ካሜራ ደግሞ በዚያ ኃይል የሚለየው ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነውን ልዩነት ነው። ሂቶሚ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት በ2016 ከመጥፋቷ በፊት የፐርሲየስን ክላስተር ተመልክታ የጋዙ ንውጽውጽታ 164 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ መሆኑን ለካች። እርሷን የተካችው ክሪዝም በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ተወንጭፋ ከፍጹም ዜሮ በላይ በ0.05 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ መሣሪያ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሚሆን ልዩነት ትለያለች። እንግዲህ የጋላክሲዎቹንና የጋዙን ፍጥነት በአንድ ሚዛን ማነጻጸር ተጀምሯል ማለት ነው፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ በጉጉት የምከታተለው ይህንን ነው።

ወደ ሁለተኛው ስመጣ፣ ኤክስሬይን አየሩ ስለሚውጠው ከጦሳ ጫፍም ሆነ ከየትኛውም ተራራ ማየት አይቻልም። ቡሌት ራሱ ከደሴ አድማስ በላይ ይወጣል፤ በገና ሰሞን እኩለ ሌሊት ገደማ በደቡብ በኩል 23 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ካኖፐስ ከሚባለው ደማቅ ኮከብ 6 ዲግሪ ገደማ ይርቃል፤ ተማሪዎቹ ቦታውን በጣታቸው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ጋላክሲዎቹን ለማየት ግን ትልቅ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በእንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ በቅርብ ላሉ ክላስተሮች ፎቶግራፍ እንጂ ለእንዲህ ያለ ሩቅ ክላስተር ስፔክትረም የሚመቹ አይደሉም።

መረጃው ግን ክፍት ነው። የቻንድራና ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለው ሌላ የኤክስሬይ ጠፈር ቴሌስኮፕ ምልከታዎች፣ ተመልካቾቹ ብቻቸውን የሚጠቀሙበት ጊዜ ካለቀ በኋላ ለማንም ሰው በነጻ ይለቀቃሉ፤ ዲኤስ9 የተባለው የምስል ማያ ፕሮግራምም በነጻ የሚገኝና በመካከለኛ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ነው። ለክበባችሁ የምመክረው ኮማ ክላስተርን ነው። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 ጨለማ ቁስ መኖሩን የጠረጠረው በእርሱ ነው፤ የጋላክሲዎቹ ቀይ ሽግሽግም በስሎን የሰማይ ቅኝት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ተማሪዎቹ በመካከሉ ካሉት ሁለት ግዙፍ ጋላክሲዎች፣ ከኤንጂሲ 4874 እና ከኤንጂሲ 4889 ይጀምሩ። በፍጥነት 700 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ ይለያያሉ፤ በአንድ ክላስተር መካከል ሁለት እንዲህ ያሉ አውራዎች መኖራቸው ራሱ የቀድሞ ውሕደት ምልክት ነው።

ሐረጎ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ግራፉ አንድ ደወል ብቻ ቢያሳየንስ? ሁለተኛው ክፍል የለም ማለት ነው?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አይደለም። በኮማ የምታገኙትም በአመዛኙ አንድ ሰፊ ደወል ነው፤ ቀይ ሽግሽጋቸው ከ0.013 እስከ 0.033 ያሉትን ጋላክሲዎች ውሰዱ። ከዚያ በ1988 ድሬስለርና ሼክትማን ያቀረቡትን ፍተሻ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ጋላክሲ በሰማይ ላይ ቅርብ የሆኑትን 10 ጎረቤቶች መርጣችሁ፣ የዚያን አነስተኛ ቡድን አማካይ ፍጥነትና መበተን ከመላው ክላስተር ጋር ታነጻጽራላችሁ። ልዩነቱ በተከማቸበት ቦታ የተደበቀ ቡድን ሊኖር ይችላል። ይህ በተራ የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ይሠራል።

ከዚያ በኋላ የኤክስሬይ ምስሉን ከጎኑ ክፈቱና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመልከቱ። በኤንጂሲ 4839 ዙሪያ ያለው ቡድን የራሱን ጋዝ ይዞ፣ ጅራቱም ከኮማ መካከል ርቆ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ቡድን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየወደቀ ነው ወይስ አንድ ጊዜ በመካከሉ አልፎ እየተመለሰ ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። በ2021 ኢሮሲታ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ያወጣው ሰፊ ምስል ቡድኑን ከዋናው ክላስተር ጋር የሚያገናኝ ደብዛዛ የጋዝ ድልድይ ስላሳየ ሁለተኛውን ሐሳብ አጠናክሯል። የጋላክሲዎቹን ዝርዝር ካወረዳችሁ በኋላ የቡድኑን አማካይ ፍጥነት ከዋናው ክላስተር ጋር አነጻጽራችሁ ልዩነቱ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ከዚያ ስለ ምሕዋሩ አብረን እናሰላለን።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ዝርዝሩን ክበቡ በሚሰበሰብበት ቀን ከተማሪዎቹ ጋር እናወርዳለን። ሐረጎ፣ አንተም በዚያ ሰዓት እዚሁ መድረክ ላይ ብትገኝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎች ጋላክሲዎቹን ተከፋፍላችሁ ልትሠሩ ትችላላችሁ፤ ሰሜኑን ክፍል እኛ እንወስዳለን፣ የደቡብ ምዕራቡ ቡድን የእናንተ ይሁን።